ግራሶ አልቀበል ያለ ኪንግ ፒን

ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ ነኝ። አሮጌ አይሱዙ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና አለኝ፤ ሚሌ ስለሚመላለስ የአፋር አቧራ አይለቀውም። የግራው ኪንግ ፒን (የፊት እግሩ ሲታጠፍ የሚዞርበት ወፍራም ብረት) በታችኛው በኩል ግራሶ አልቀበል ብሏል። በፓምፕ ስገፋው በኒፕሉ (ግራሶ በሚገባበት ትንሽ አፍ) ዙሪያ ተመልሶ ይወጣል። ኒፕሉን ፈትቼ በናፍጣ አጠብኩት፣ ውስጡ ያለችው ኳስ እንደ ልብ ትገባለች ትመለሳለች። አዲስም ገጠምኩ፣ ያው ነው። የተደፈነው እንግዲህ ከኒፕሉ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ነው። ሽቦ ስሰድበት እንደ ሬንጅ የጠቆረ ደረቅ ግራሶ ትንሽ ይወጣና ቀጥ ይላል። የፊቱን እግር በክሪክ አንስቼ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እያዞርኩ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! ወደ ደሴ ሽቅብ ስወጣ ኩርባው ላይ መሪው ይከብዳል፣ ከታጠፈም በኋላ በራሱ አይመለስም። አንድ መካኒክ በእሳት አሙቀው ብሎኛል፤ ጎሚኒው (ግራሶ እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) ይቃጠላል ብዬ እምቢ አልኩ። ኪንግ ፒኑን ሳላስወልቅ ይህን የደረቀ ግራሶ በምን ላስወጣው?