ለማዳመጫ ክፍላችን የስፒከር ምርጫ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ በጋራ ስለ ማዘጋጀት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ አንድ አባላችን ከሳሎናቸው ጎን ያለውን ክፍል ለሸክላ ማዳመጫ ስለ ፈቀዱልን፣ የግዢውን ሐሳብ እዚህ ተወያይተን እንድናረቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ክፍሉ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ሲሆን ከስድስት ሰው በላይ በምቾት አያስቀምጥም። ማጫወቻውና በአንድ ቻናል 40 ዋት የሚሰጠው አምፕሊፋየር በእጃችን ስላሉ የቀረን ጥንድ ስፒከር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ከፍተኛ ዋት ያለው፣ መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ስፒከር ይገዛ» ይላል።

አንድ ነባር አባል፦
ረቂቁን እደግፋለሁ። ባንዶች በሆቴል አዳራሽ ሲጫወቱ ቆሜ ያደመጥኩ ሰው ነኝ፤ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ደረት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ትንሽ ሳጥን ያንን ይሰጣል ብዬ አላምንም።

በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠሩ አባል፦
ጋሼ፣ የሚሉትን ድምፅ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አዳራሹ የቻለውን ድምፅ ይህ ክፍል አይችለውም። ባለ 4 ሜትር ክፍል በርዝመቱ በኩል 43 ኸርዝ (በሴኮንድ 43 ንዝረት) አካባቢ፣ በ3.5 ሜትሩ በኩል ደግሞ 49 ኸርዝ አካባቢ ድምፁን ራሱ አጉልቶ ይመልሳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ስለሆነ፣ ትልቁ ስፒከር በዚህ ክፍል ውስጥ አንዳንዱን ኖታ እያገሳ ሌላውን ይውጠዋል፤ በተለይ ከማዕዘን ተጠግቶ ሲቀመጥ ጉምጉምታው ዘፋኙን እስከ መሸፈን ይደርሳል። ከ5 እስከ 6.5 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ያለው፣ መቆሚያ ላይ የሚቀመጥና ከኋላ ግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር የሚርቅ ስፒከር ግን ቤዙን በልኩ ይሰጠናል።

«ከፍተኛ ዋት» የሚለው ሐረግ ከረቂቁ እንዲወጣም እጠይቃለሁ። ስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት ሳይጎዳ ሊሸከም የሚችለውን ኃይል የሚናገር እንጂ የድምፁን ጥራትም ሆነ ጉልበት አይነግረንም፤ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው «1000 ዋት» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ትርጉም የለውም። የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ብናደርገው የምናገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ስለዚህ ማየት ያለብን ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም በተሰጠው ኃይል ምን ያህል ጮክ እንደሚል ነው፤ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ባለ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) ጥንድ ላለን 40 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ወጣት አባል፦
አምፕሊፋየሩን በውስጡ የያዘ የስቱዲዮ ስፒከር ለምን አንመርጥም? ገመዱም ያንሳል፣ ቦታም ይቆጥባል።

በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠሩ አባል፦
ጥሩ ድምፅ ያላቸው አሉ። ይሁን እንጂ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚዘል ሁላችንም እናውቃለን፤ ቦርዱ ሲቃጠል ስፒከሩም አብሮ ዝም ይላል። አምፕሊፋየሩ ለብቻው ሲሆን ግን እሱን ብቻ አንሥቶ ማስጠገን ይቻላል።

የሸክላ ስብስቡ ኃላፊ፦
በአመራረጡ ሥርዓት ላይ አንድ ነገር ላክል፣ ምክንያቱም ለእኔ ከስፒከሩ ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከስብስባችን ብዙዎቹ ሸክላዎች በሞኖ፣ ማለትም ከሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲወጣ ሆነው የተቀዱ ናቸው፤ አንዳንዶቻችን በዚህ ምክንያት ጥንድ ስፒከር ብክነት ነው ስንል ቆይተናል። እኔ ግን ጥንዱን ለመፈተን ከሞኖ ሸክላ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ሁለቱ ስፒከሮች በእርግጥ አንድ ዓይነት ከሆኑና እኛም ከሁለቱ እኩል ርቀን ከተቀመጥን፣ ዘፋኙ ምንም ስፒከር በሌለበት በመካከላቸው ቆሞ መሰማት አለበት። ድምፁ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወይም ከተበተነ፣ ወይ ጥንዱ አልተመሳሰለም ወይ አቀማመጡ ተሳስቷል። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት ስለ ስፒከር ያጠኑት ፍሎይድ ቱልም አድማጮች የስፒከሮችን ልዩነት በሞኖ ሲያዳምጡ ይበልጥ እንደሚለዩ አሳይተዋል። የስፒከሩን ስምና መልክ ሳያዩ ሲያዳምጡ ፍርዳቸው እንደሚለወጥም አረጋግጠዋል።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሰምተን አንወስን፤ እጩዎቹ ወደ ራሳችን ክፍል መጥተው፣ ከፊታቸው ስስ ነጠላ ተጋርዶ፣ የራሳችን ሸክላ ይጫወትባቸው። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል የድምፃቸው መጠን አስቀድሞ በመለኪያ እኩል ይደረግ።

ገንዘብ ያዥ፦
ወጪውን በተመለከተ ያገለገለ ጥንድ መግዛትን አልቃወምም፤ ነገር ግን ከደረሰብኝ ልናገር። ከዓመታት በፊት ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት ጥንድ ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር፤ በዉፈሩ ሾጣጣ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ግን ተበልቶ ስለነበር በወሩ ተሰነጠቀ። ስፖንጅ በዕድሜ ብቻ፣ ሳይሠራበትም ይፈረፈራል። ስለዚህ ዙሪያው ጎማ የሆነ ጥንድ ይመረጥ፤ የፊት መሸፈኛው ተነሥቶ ሳይታይም ገንዘብ አይከፈል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ደግሞ በዚሁ በጀት ውስጥ ይካተቱልን፤ ሴራሚኩ እንዳለ ከተተወ የትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ድምፅ ጆሮ ይወጋል።

አንድ ነባር አባል፦
ከነጠላው ጀርባ የሚደረገውን ፈተና እቀበላለሁ። የምጠይቀው አንድ ትልቅ ጥንድም ከእጩዎቹ መካከል እንዲገባ ነው፤ እኔም ሳላይ ልስማውና ልፍረድ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጥያቄዎ ተገቢ ስለሆነ ተካቷል። የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ ባለ 8 ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው ከ87 ዴሲቤል የማያንስ፣ የዉፈሩ ዙሪያ ጎማ የሆነ፣ ያለ ውስጥ አምፕሊፋየር የሚሠራ ጥንድ ስፒከር ይገዛል። ከመግዛቱ በፊት አንድ መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ጥንድና ሁለት መቆሚያ ላይ የሚቀመጡ ጥንዶች በማዳመጫ ክፍሉ ውስጥ ተጋርደው፣ በሞኖም በስቴሪዮም ሸክላ ይፈተናሉ፤ አባላት ድምፅ የሚሰጡት የስፒከሮቹ ስም ከመገለጡ በፊት ነው። ምንጣፍ፣ መጋረጃና የቮልቴጅ ማረጋጊያ የግዢው አካል ናቸው።» ለፈተናው ጥንድ ስፒከር ሊያውሱን የሚችሉ አባላት እስከ ዓርብ ያሳውቁን፤ መለኪያውን የጥገና ባለሙያችን፣ ነጠላውን እኔ አመጣለሁ።