ራይዘን 5600 ፕሮሰሰር ገጥሜ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ልቀጥል ወይስ የተገጠመ ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁ። ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ፋኑ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይመጣም። ዕቃዎቹ ራይዘን 5 5600፣ ያገለገለ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ዲዲአር4 ራም፣ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ እና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ናቸው። ቦርዱ ጥግ ላይ ካሉት አራት ትንንሽ መብራቶች «ሲፒዩ» የሚለው ቀይ እንደበራ ይቀራል።

ራሙን አንድ በአንድ፣ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ሞክሬያለሁ። ባለ 8 ፒኑ የፕሮሰሰር ገመድ ቀጭ እስኪል ገብቷል። የቦርዱን ባትሪ 10 ደቂቃ አውጥቼ መልሻለሁ። ኤችዲኤምአዩ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው፤ 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውምና ቦርዱ ላይ ቢሰካ ዋጋ የለውም።

የምጠረጥረው ባዮሱን፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለውን ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ሶፍትዌር ነው። ቢ450 የወጣው በ2018፣ ፕሮሰሰሩ በ2022 ስለሆነ ያልታደሰ ባዮስ አያውቀውም። ለማደስ መነሳት አለበት፣ ለመነሳት መታደስ አለበት! ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ የሚያድሰው ቁልፍ ደግሞ ቦርዴ ላይ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ራይዘን 5 2600 ያለ አሮጌ ፕሮሰሰር ለአንድ ሰዓት የሚያውስ፣ ወይም የባዮስ ቺፑን በፕሮግራመር መሣሪያ የሚጽፍ ጥገና ቤት ታውቃላችሁ? ካልሆነ ሁሉንም ሸጬ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ልግዛ? ካርዴ 75 ዋት ከማስገቢያው ስለሚወስድ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፤ የሚያሰጋኝ ቀጫጭኖቹ ኬዞች አጭር ካርድ ብቻ መቀበላቸው፣ ፓወራቸውም ብዙ ጊዜ የራሱ ዓይነት ሶኬት ስላለው በተራ ፓወር አለመቀየሩ ነው። የሞከረ ካለ የትኛውን ሞዴል ልይ?