ቡናዬ ወደብ ደርሷል፤ ኮንግረስ ታሪፉን እስኪያነሳ ላቆየው ወይስ ከፍዬ ላውጣው?

ጠያቂ (ቨርጂኒያ)፣ ሜይ 6 ቀን 2025፦
ውድ አባላት፣ አስቸኳይ ጉዳይ ስለገጠመኝ ቶሎ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ። ከጅቡቲ የተጫነ 320 ጆንያ የታጠበ ይርጋጨፌ ኖርፎክ ደርሷል፤ የጉምሩክ አስተላላፊዬም 10 በመቶ አጸፋዊ ታሪፍ ሳይከፈል እንደማይወጣ ዛሬ ጠዋት ነገረኝ። በሌላ በኩል ሴኔቱ ታሪፉን በ51 ለ48 ድምፅ እንደሻረው ሰምቻለሁ። ኮንግረስ ነገሩን እስኪቋጭ ቡናውን በቦንድ መጋዘን (ቀረጥ ሳይከፈል ዕቃ በሚቆይበት የጉምሩክ መጋዘን) ባቆየው ይሻላል? እስከ ነገ መወሰን አለብኝ።

እናት ቡና፦
ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ኢትዮጵያ በ2022 የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገቡበት ከአጎዋ በመሰረዟ ነው። ቦንድ መጋዘን ያስገቡት፤ እስከ 5 ዓመት ማቆየት ይፈቀዳል።

የሕግ ተማሪ፦
እህቴ፣ አጎዋ እዚህ ላይ አይገባም፤ ጥሬ ቡና ከየትኛውም አገር ቢመጣ ቀድሞውንም መደበኛ ቀረጥ አልነበረበትም።

ጠያቂው የሰሙት ድምፅ ደግሞ ኤፕሪል 2 የተሰጠ ሲሆን የሚመለከተው በካናዳ ላይ የተጣለውን ታሪፍ ነው። ቡናቸውን በሚነካው ዓለም አቀፍ (አጸፋዊ) ታሪፍ ላይ ሴኔቱ ኤፕሪል 30 ድምፅ ሰጥቶ 49 ለ49 እኩል ስለወጣ ሐሳቡ ወድቋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 1 ክፍል 8 ቀረጥ የመጣል ሥልጣንን ለኮንግረስ ቢሰጥም፣ ኮንግረስ ራሱ ከ1934 ጀምሮ ይህንን ሥልጣን እየቆረሰ ለፕሬዚዳንቶች ሲያስረክብ ኖሯል። አሁን ፕሬዚዳንቱ የተመረኮዙት የ1977ቱን የአስቸኳይ ጊዜ ኢኮኖሚያዊ ሥልጣን ሕግ ሲሆን፣ በሕጉ ውስጥ ታሪፍ የሚለው ስም እንኳ አልተጠቀሰም። ምክር ቤቶቹ የታወጀውን አስቸኳይ ጊዜ በጋራ ውሳኔ ማንሳት ይችላሉ፤ ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ከሰጠው ፍርድ ወዲህ እንዲህ ያለው ውሳኔ የፕሬዚዳንቱን ፊርማ ይሻል፤ ፊርማው ከተነፈገም በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። የተወካዮች ምክር ቤቱማ ኤፕሪል 9 ባጸደቀው ደንብ እስከ ሴፕቴምበር 30 ያሉት ቀናት ለዚህ ጉዳይ እንዳይቆጠሩ ስላደረገ፣ አባላቱ ጉዳዩን በግድ ለድምፅ የሚያቀርቡበት የጊዜ ገደብ ቆሟል። የመረጥናቸው ሰዎች የመቆጣጠር ግዴታቸውን ቀን ባለመቁጠር ሲሸሹት ማየት በእውነት ያሳዝነኛል።

ሲያትል፦
ተስፋ አትቁረጡ። ሴናተር ካንትዌልና ሴናተር ግራስሊ ያቀረቡት ረቂቅ ከጸደቀ፣ ፕሬዚዳንቱ አዲስ ታሪፍ ሲጥሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ ማሳወቅ አለባቸው፤ ኮንግረስ በ60 ቀን ካላጸደቀውም ታሪፉ ይቀራል። ሁላችንም ለየተወካዮቻችን ብንደውል ጥሩ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
መደወሉስ ይገባል። ነገር ግን ዋይት ሐውስ ረቂቁን ውድቅ እንደሚያደርገው አስታውቋል፤ ኖርፎክ የቆመው ኮንቴይነር ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።

አዲስ አባል፦
እኔም ቦንድ መጋዘን እላለሁ።

የዕቃ አስተላላፊ (ሂውስተን)፦
ቦንድ መጋዘን የምትሉት ሁሉ እባካችሁ ቆዩ። ከመጋዘን ሲወጣ የሚከፈለው ያን ዕለት የሚሠራው ታሪፍ በመሆኑ ከፍ ብሎም ሊጠብቃቸው ይችላል፤ ኪራዩ አለ፣ ቡናውም ጣዕሙን ያጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ጠያቂው የመጫኛ ቀኑን አልነገሩንም። ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የመርከብ ጭነት ሰነዱን) ያውጡና «ተጭኗል» ከሚለው ማኅተም አጠገብ ያለውን ቀን ይመልከቱ። ወደ አሜሪካ በሚያመጣው መርከብ ላይ የተጫነው ኤፕሪል 5 ከመግባቱ በፊት ከሆነና ዕቃው ከሜይ 27 በፊት ለጉምሩክ ከቀረበ፣ 10 በመቶው አይመለከተውም። አስተላላፊዎ 10 በመቶ በሚያስከፍለው የታሪፍ ቁጥር 9903.01.25 ፈንታ ነፃ በሚያደርገው 9903.01.28 እንዲያስገባልዎት ይጠይቁት። መንገድ ላይ መርከብ ተቀይሮ ከሆነም ይህንኑ አይደብቁት። ኮንግረስን እጠብቃለሁ ብለው ቡናውን ሜይ 27 ካሳለፉት ግን፣ ሳይከፍሉ የሚያወጡበትን ዕድል በገዛ እጅዎ ያጠፋሉ።

ቀኑ ካልፈቀደልዎት ከፍለው ያውጡ። ታሪፉ የሚሰላው በቡናው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ኢንቮይሱ የባሕር ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ለይቶ ያሳይ። ጉምሩክ ሂሳቡን በመጨረሻ ከዘጋ በኋላም ተቃውሞ ለማቅረብ 180 ቀን አለዎት። ታሪፉን የሚቃወሙ ክሶች ኒውዮርክ በሚገኘው የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት እየታዩ ስለሆነ ደረሰኞችዎን በሙሉ ያስቀምጡ።

እናት ቡና፦
ስለ መጫኛ ቀኑ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እግዜር ይስጥልን። ጠያቂው ወንድማችን፣ ቀኑ ስንት ይላል?

የዕቃ አስተላላፊ (ሂውስተን)፣ ሜይ 9፦
ጠያቂው እስካሁን አልመለሱም። ሰነዱን ካገኙ፣ ስምና ዋጋውን ሸፍነው የቀኑን ገጽ እዚህ ይለጥፉልን።