የአሚሊያ ደሴት የሆቴል ቴኒስ ውድድር ለምን ቆመ? (ኮምቦልቻ ላይ ለታሰበ ውድድር)

ቦርከና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ግቢው ሰፊ የሆነ ሆቴል አንድ የቆየ የሸክላ ሜዳ አለው፤ አሁን ሊያድሰው ነው። ባለቤቶቹ በየዓመቱ በሆቴሉ ስም የሚጠራ የሜዳ ቴኒስ ውድድር ማዘጋጀት ይፈልጋሉ። ተጫዋች ከደሴም ከአዲስ አበባም ከመጣ አልጋውም ምግብ ቤቱም ይሠራል ነው ስሌቱ። አርአያ አድርገው የሚጠቅሱት ፍሎሪዳ፣ አሚሊያ ደሴት ላይ በሪዞርት ይካሄድ የነበረውን የሴቶች ውድድር ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ተጫውተውበት አሁን ግን የለም። ከመቼ እስከ መቼ ቆየ? ምን አቆመው? እኛስ በአንድ ሜዳ እስከ ምን ድረስ መሄድ እንችላለን? እዚያ «አረንጓዴ ሸክላ» ነበር ይባላል፤ እሱንም የሚያስረዳኝ ካለ።

ባለ ራኬቱ

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከአሚሊያ በፊት ሂልተን ሄድን ማንሳት ግድ ነው። ቻርልስ ፍሬዘር የተባለ የመዝናኛ መንደር ገንቢ በሳውዝ ካሮላይና፣ ሂልተን ሄድ ደሴት ላይ ሲ ፓይንስን ሠራ፤ ቀጥሎ ፍሎሪዳ ውስጥ አሚሊያ አይላንድ ፕላንቴሽንን ጀመረ። ሁለቱም ቦታዎች ቤትና አልጋ የሚሸጡ ነበሩ፤ ቴኒሱ የገባው ቦታውን በቴሌቪዥን ለማሳየት ነው። በ1973 ሲ ፓይንስ ላይ ፋሚሊ ሰርክል ካፕ የተባለ የሴቶች ውድድር ተጀመረ። ጠቅላላ ሽልማቱ 100,000 ዶላር ነበር፤ ሮዚ ካዛልስ ናንሲ ሪቺን በፍጻሜው አሸንፋ 30,000ውን ወሰደች። ለሴቶች ቴኒስ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ያው ውድድር በ1975 እና በ1976 ወደ አሚሊያ ተዛውሮ ተካሂዶ፣ ተመልሶ ሂልተን ሄድ ገባ።

አሚሊያ የራሱን ውድድር ያገኘው በ1980 ነው፤ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ናት። በማግስቱ ዓመት ክሪስ ኤቨርት ያችኑ ናቭራቲሎቫን በፍጻሜው 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸነፈቻት። አንድ ጌም እንኳ አላስነካቻትም! በ1985 ደግሞ ኤቨርት ራሷ በዚና ጋሪሰን 6 ለ 4፣ 6 ለ 3 ተረታች። ለእኔ የውድድሩ ትልቁ ፍጻሜ ግን የ1989ኙ ነው። ስቴፊ ግራፍ በዚያ ዓመት 86 ጨዋታ አሸንፋ የተሸነፈችው ሁለቱን ብቻ ነው፤ አንዱ የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ፣ ሌላው እዚህ አሚሊያ ላይ በጋብሪየላ ሳባቲኒ። ከዚያ በኋላ ሳንቼዝ ቪካሪዮ፣ ሴሌስ፣ ዳቨንፖርት፣ ቬነስ ዊሊያምስ ዋንጫውን አንስተዋል። በ2008 ማሪያ ሻራፖቫ ዶሚኒካ ሲቡልኮቫን አሸንፋ በሸክላ ሜዳ የመጀመሪያ ዋንጫዋን አገኘች፤ ደሴቱ ላይ የተካሄደውም የመጨረሻው ያ ሆነ። 29 ዓመት ማለት ነው። ከ1987 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ውድድሩ የሚጠራው በአንድ ስፖንሰር፣ በባውሽ ኤንድ ሎምብ ስም ነበር።

የሐረጎ ጥምዝ

ነገሩ ቀላል ነው፤ ሪዞርቱ ከሰረ፣ ውድድሩም አብሮት ወደቀ።

ባለ ራኬቱ

የሐረጎ፣ ቀኖቹን አስተካክል እንጂ። ሪዞርቱ የኪሳራ ጥበቃ የጠየቀው በኖቬምበር 2009 ነው፤ በ2010 ኦምኒ ሆቴሎች ገዙት። ውድድሩ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ወጥቷል። የ2009ኙና የ2010ሩ ወደ ደቡብ ወርዶ ፖንቴ ቬድራ ቢች፣ ሶግራስ ካንትሪ ክለብ ተካሄደ፤ ሁለቱንም ካሮሊን ቮዝኒያኪ ወሰደች። ከዚያ በኋላ አልተካሄደም።

በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ተደራረበበት። አንደኛ፣ የሴቶች ቴኒስ ማኅበር በ2009 የውድድር ደረጃዎቹን ከላይ እስከ ታች ቀየረ። አሚሊያ ሁለተኛ ደረጃ ነበር፣ የሽልማት ገንዘቡም 600,000 ዶላር፤ በአዲሱ ድልድል ዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ገብቶ ወደ 220,000 ወረደ። ሽልማቱና ለተጫዋቾች ደረጃ የሚቆጠረው ነጥብ ሲያንስ ከፊት ያሉት ተጫዋቾች ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፤ ትኬት የሚሸጡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ የ22 ዓመቱ ስፖንሰር ሄደ። በምትኩ የገባው ኤምፒኤስ ግሩፕ የጃክሰንቪል ሠራተኛ ቀጣሪ ድርጅት ነበር፤ በ2010 መጀመሪያ አዴኮ የተባለ ድርጅት ገዝቶ ጠቀለለው። ስሙን ለማስተዋወቅ ስፖንሰር የሆነ ድርጅት ራሱ ሲሸጥ፣ አዲሱ ገዢ ያንን ስም የሚያስተዋውቅበት ምክንያት የለውም። ሦስተኛው የ2008 የገንዘብ ቀውስ ነው፤ የመዝናኛ ቤት ሽያጭ ደረቀ።

አሁን ሂልተን ሄድን አስተያይ። ፋሚሊ ሰርክል ካፕ በ2001 ሪዞርቱን ለቆ ቻርልስተን ከተማ፣ ዳንኤል ደሴት ላይ ወደተሠራ ስታዲየም ገባ። ስታዲየሙ የከተማው ንብረት ነው። የስፖንሰሩ ስም ተቀያይሯል፣ ውድድሩ ግን ዛሬም በየዓመቱ አለ። የሁለቱም አባት አንድ፣ ሜዳቸውም አረንጓዴ ሸክላ ነበር። አንዱ ሆቴል ግቢ ቀረ፣ ሌላው ከተማ ገባ። ስለዚህ ባለቤቶቹ ሆቴሉን የቀን መቁጠሪያውና የዋንጫው ባለቤት ባያደርጉት ይሻላል። የተጫዋቾች ክበብ ወይም የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀው፤ ሆቴሉ አስተናጋጅ ይሁን። ሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሲቀይር ውድድሩ ደሴ ወጥቶም ሊቀጥል ይችላል።

ቀይ አፈር

ስለ ሜዳው እኔ ልመልስ። የአሜሪካው አረንጓዴ፣ ሀር-ትሩ የሚባለው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚወጣ አረንጓዴ ባዛልት ተፈጭቶ ጂፕሰም የተቀላቀለበት ነው። ኳሱ ከቀዩ ሸክላ ትንሽ ይፈጥንበታል፣ ከዝናብ በኋላም ቶሎ ይደርቃል። ለእናንተ አይሆንም፤ ከባሕር ማዶ ድንጋይ ማስጫን እብደት ነው። የእናንተ ቀዩ ነው፤ የተፈጨ የሸክላ ጡብ።

መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን አፈር እዩ። ዋልካ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ላዩ ምንም ቢያምር መስመሩ ይጣመማል። ዋልካው ወጥቶ በሰሌክት (ለመሙያ በተመረጠ ጥሩ አፈር) ይተካ፤ ገንዘቡ ካልበቃ ላዩን ከማሳመር ይህንን አስቀድሙ። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፤ በላዩ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ደቃቅ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)። ጀርመኖች ለዚሁ ንጣፍ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የሚጠቀሙት፤ ውኃ ይይዛል፣ የተረፈውንም ያሳልፋል። ሬድ አሽን የላይኛው ንጣፍ ማድረግ ግን አይሆንም። ስለታም ነው፣ ኳሱን ይልጣል፣ የወደቀ ተጫዋችንም የጉልበት ቆዳ ይልጣል።

ላዩ የተፈጨ ጡብ ነው፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፍ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል። ሜዳው ከነመሮጫው 36.57 በ18.29 ሜትር፣ ማለትም 670 ካሬ አካባቢ ስለሆነ ወደ 17 ሜትር ኩብ ትፈልጋላችሁ። የነበረው ንጣፍ ደህና ከሆነ በየዓመቱ 2 ሚሊ ሜትር መደረብ ይበቃል፤ ያ 1.3 ሜትር ኩብ ነው። ጡቡ በደንብ የተቃጠለ ይሁን። ፍርፋሪውን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት በጣት ሲታሽ ጭቃ ከሆነ አትግዙት፣ በመጀመሪያው ዝናብ ይፈሳል።

ተዳፋቱ 0.5 በመቶ ይሁን፤ በ18 ሜትሩ ጎን 9 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው። ሜዳው በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ያዘንብል። ከመረቡ ወደ ሁለቱ ጫፍ የሚያዘነብል ከሆነ ግራና ቀኙ ኩሬ ይሆናል። ርዝመቱ ደግሞ ሰሜን ደቡብ ይዙር፤ አለበለዚያ ጠዋትና ማታ አንዱ ተጫዋች ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ሰርቭ ያደርጋል።

ሮለር (መዳመጫው) በእርጥብ ላይ እንጂ በጭቃ ላይ አይሄድም። አፈሩ ሮለሩ ላይ ከተጣበቀ ቆሙና አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ደርቆ አቧራ ሲሆንም ዋጋ የለውም።

የጦሳ ልጅ

ቀይ አፈር ስለ ኳሱ ዘለለው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የከፍታ ኳስ ይፈቅዳል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ይጠጋል። የውጪው የአየር ግፊት ሲያንስ ተራው ኳስ ውስጡ ያለው ግፊት ይበረታና ከመጠን በላይ ይነጥራል፤ አየሩ ስስ ስለሆነም ሩቅ ይበራል። ውጤቱ የኋላውን መስመር እያለፈ የሚወጣ ኳስ ብቻ ነው። ኳሱ የታሸገበት ቆርቆሮ ላይ «ለከፍታ ቦታ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከታጣ ግፊት የሌለው ዓይነት፤ ከበድ ይላል እንጂ ይሠራል። ከቆላ የሚመጡ ተጫዋቾች የራኬታቸውን ክር አንድ ሁለት ኪሎ ጠበቅ ያድርጉት።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ክረምቱን ተዉት፣ በልግም አይታመንም። ጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ድረስ ጥሩ ነው፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ለሆቴሉ ምግብ ቤትም ይመቻል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ከወዲሁ ቆጥራችሁ አስቀምጡ። በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ወርዶ የሚጫወት የደሴ ሰው የጠዋቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ አይመደብ።

አንድ ሜዳ ላይ 16 ተጫዋች በጥሎ ማለፍ 15 ጨዋታ ነው፤ ከዚያ በላይ አትቀበሉ። ሐሙስ አምስት ጨዋታ፦ ከጠዋቱ 1:30፣ 3:00፣ 4:30፣ ከሰዓት 8:30 እና 10:00። ዓርብ ሦስት ብቻ፤ 1:30፣ 3:00 እና ከጁምዓ በኋላ 9:30። ቅዳሜ አራቱ ሩብ ፍጻሜ፣ እሁድ ጠዋት ሁለቱ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከሰዓት ፍጻሜው። ይህ የሚሠራው ሦስተኛው «ሴት» (የጨዋታው ሦስተኛ ክፍል) እስከ 10 ነጥብ በሚሄድ ታይ ብሬክ፣ ማለትም በአጭር መለያ፣ ከተተካ ነው። ያለበለዚያ ሸክላ ላይ አንድ ግትር ጨዋታ ሦስት ሰዓት ፈጅቶ የቀኑን መርሐ ግብር ያፈርሳል። በየመሀሉ 15 ደቂቃ ለመጎተቻ መረብና ለጎማ ውኃ ይተው። መረቡ ከውጪ ጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል ይጎተት፤ ከመሀል ከተጀመረ አፈሩ አጥሩ ሥር ይከማቻል፣ የኋላው መስመር አካባቢ ይላጣል።

ቦርከና ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የክበቡን ነገር ለባለቤቶቹ እነግራለሁ፤ መቀበላቸውን እንጃ። ኳስ ስንት ቆርቆሮ ይበቃል? መረቡስ ተወጥሮ አያውቅም፣ በምን እንለካው?

የጦሳ ልጅ

አብሽር። ለአንድ ጨዋታ አንድ አዲስ ቆርቆሮ፣ 15፤ ለመጠባበቂያ ሦስት ጨምር። አሮጌዎቹ ለልምምድ ይቅሩ። መረቡ በምሰሶዎቹ ላይ 1.07 ሜትር፣ መሀል ላይ 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ሜትር ከሌለ አንድ ራኬት መሀል ላይ አቁምና ሌላውን በላዩ በአግድም፣ በጠርዙ አስደግፈው፤ የሁለቱ ድምር ወደዚያው ይጠጋል። የመሀሉን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጋችሁ አውርዱት፣ ግን ገመዱን እስከ ምሰሶው ድረስ ከልክ በላይ ከወጠራችሁት ያረጀ ምሰሶ ወደ ውስጥ ይጎብጣል።