ክሮቹን ከያዝኳቸው በኋላ ከጊታሬ ውስጥ የሚተርፈው የብረት ድምፅ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ከ«ቤት ቀረጻ»

ሰላም ለሁላችሁ። ስትራቶካስተር ዓይነት ቅርፅ ያለው፣ ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) በክንዱ የሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። ለዓመታት ከባንድ ጋር ስጫወትበት እንከን አላየሁበትም፤ ድራምና ቤዝ ባለበት መድረክ ላይ ጥቃቅን ድምፅ ማን ይሰማል? ችግሩ የታየኝ ካለፈው ወር ጀምሮ ቤቴ ውስጥ መቅዳት ስጀምር ነው። የምቀዳው በአጭር በአጭሩ የሚቆረጥ የትዝታ ሐረግ ሲሆን፣ መትቼ ወዲያው በመዳፌ ስይዛቸው ክሮቹ ዝም ይላሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ግን ከባዶ ጣሳ የሚወጣ የሚመስል ቀጭን የብረት ድምፅ አንድ ሰከንድ ያህል ይተርፋል። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ማጉያ) ስጨምርበት ይህ ትርፍ ድምፅ ከዋናው ጋር ይፎካከራል።

ከዚህ ሌላ ሦስተኛዋን ክር (ከቀጭኗ ሲቆጠር) አምስተኛው ፍሬት (አንገቱን ከሚያቋርጡት ብረቶች አንዱ) ላይ ስይዛት ዝዝ የሚል ድምፅ ትሰጣለች። ጊታሩን ወደ አንድ ጠጋኝ ወስጄው ክሮቹን በሙሉ ቀይሮ፣ ገንዘቡንም ተቀብሎ መለሰልኝ፤ ዝዝታው ግን እንዲያውም ጨመረ። ኖይዝ ጌትም (ዝቅ ያለ ድምፅን የሚዘጋ መሣሪያ) ሞክሬ ነበር፤ ትርፉን ድምፅ ሲቆርጥልኝ ረዥም ድምፆቼንም አብሮ ጅራታቸውን ይቆርጣቸዋል።

አንድ ያልገባኝ ነገር ልጨምር። ከኤ (A) ድምፅ ተነስተን ስንጫወት ችግሩ ይብሳል፤ ዘፋኛችን ድምፁ አልደርስ ብሎት ወደ ኢ ፍላት (E♭) ስንዞርለት ግን ጊታሩ ንጹሕ ይሆናል። ይህ የጆሮዬ ስሕተት ነው ወይስ ምክንያት አለው? ደግሞስ ሰዎች እንደሚሉት ውስጡ ስፖንጅ ብከትበት የጊታሩን ድምፅ አላበላሸውም?

መልስ 1፦ ከ«ካቻቢቴ»

ውድ ጠያቂ፣ የገለጹት አንድ ችግር ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ነው፤ ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት እያንዳንዱ ድምፅ የተደበቀበትን ቦታ በጣትዎ ይፈልጉ። በቅድሚያ የኤሌክትሪኩን ጉዳይ ከመንገድ እናውጣ። ክሩን ሳይነኩት ዝም ብሎ የሚያጉረመርም፣ ጊታሩን ታቅፈው ሲዞሩ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ከ50 ኸርዙ የመብራት መስመር የሚመጣ እንጂ የሞላ ወይም የብሎን ድምፅ አይደለም። የእርስዎ ክር ሲመታ ብቻ የሚነሣ ስለሆነ መነሻው ንዝረት ነው፤ ንዝረት ደግሞ ሲነኩት ይቆማል። መመርመሪያችን ይኸው ነው።

ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ይቀመጡና በጀርባው በኩል ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ይፍቱ። ብሪጁን ከክሮቹ ጉልበት በተቃራኒ የሚስቡ ሞላዎች ያያሉ፤ ቦታው እስከ 5 ይይዛል፣ ብዙ ሰው ግን 3 ብቻ ያስራል። አንዱን ሞላ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። «ያ ድምፅ ይኼ ነው» ካሉ ግማሹ ሥራ አለቀ። ሞላ የተወጠረ ብረት እንደመሆኑ የራሱ ድምፅ አለው፤ ክር ሲመታ ንዝረቱ በብሪጁ በኩል ይደርሰዋል፣ እርስዎ ክሮቹን በመዳፍዎ ሲይዙ ግን ሞላዎቹን የሚይዛቸው ማንም የለም። እነርሱ መንዘራቸውን ሲቀጥሉ ንዝረቱ በመጣበት መንገድ ወደ ክሮቹ ይመለስና ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ያነሣዋል። ዲስቶርሽን ትልቁን ድምፅ እየጨፈለቀ ትንሹን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በንጹሕ ድምፅ የማይሰማው ነገር እዚያ ላይ ገንኖ ይወጣል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ለስላሳውን ወገን በጣት ስፋት ቆርጠው ሞላዎቹ መካከላቸው ላይ እንዲነኩት አድርገው ከሥራቸው ያስገቡ፤ ሞላ ከሁሉ ይልቅ የሚወዛወዘው ወገቡ ላይ ነውና። ስፖንጁ ሞላውን መንካት እንጂ መጫን የለበትም። የክሮቹን ድምፅ ያበላሻል የሚለውን ስጋት በተመለከተ፣ የሚጠፋው ሞላው የሚጨምረው ማስተጋባት ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ያንን ማስተጋባት እንደ ሪቨርብ የሚወዱት ሰዎች አሉ፤ ለአጭር ሐረግ ግን አይሆንም።

የሦስተኛዋን ክር ነገር ከመፍረድዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። ሦስተኛዋ ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ የምትሰጠው ድምፅ ሲ (C) ነው፤ ይህንኑ ሲ በአራተኛዋ ክር አሥረኛው ፍሬት ላይ ያገኙታል። እዚያም ዝዝ ካለ ችግሩ ከፍሬቱ ጋር ሳይሆን ከድምፁ ጋር ነው፤ ማለትም ጊታሩ ላይ የላላ አንድ ዕቃ አለ፣ እሱም የሚነዝረው ልኩ የሆነ ድምፅ ሲመጣለት ነው። እዚያ ንጹሕ ከሆነና አምስተኛው ፍሬት ላይ ብቻ ከቀረ ግን ክሩ ፍሬት እየነካ ነውና አንገቱን ማየት ያስፈልጋል፦ ክሩን አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ተጭነው ሲይዙት፣ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። በክረምት የተስተካከለ አንገት በጥር ደረቅ አየር ቀጥ ብሎ ይህን ክፍተት ሊያጠፋው ስለሚችል፣ አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ማየቱ አይከፋም። በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት የሚያዞሩ ከሆነ ከሩብ ዙር አይለፉ።

የላላ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው ብዙ ነው። እያንዳንዱ የብሪጅ ኮርቻ (አንድ ክር የሚያርፍበት ቁራጭ) በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይቆማል፤ አንዱ ብቻ ሸክሙን ይዞ ሌላው ተንጠልጥሎ ከሆነ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱንም እኩል ካስረገጡ በኋላ ጥርሱ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም ማድረግ ይይዘዋል፣ ሲፈልጉም በቀላሉ ይፈታል። የብሪጁ ክንድ በቀዳዳው ውስጥ የሚላወስ ከሆነ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቴፍሎን ሁለት ዙር ይጠምጥሙበት። የፒክአፕ ብሎኖች፣ የኬብል መሰኪያው፣ የማንገቻው ብሎን፣ የመቃኛዎቹ ማሰሪያዎች፣ ሁሉም በየተራ ይነካሉ።

ፒክአፑን በመጨረሻ ያስቡት። በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት አምፑ እንደ ማይክሮፎን ጎልቶ ከተናገረና ድምፅ ሲጨምሩ ከጮኸ፣ የውስጡ ጥቅል ሽቦ ሰም አልጠጣም ማለት ነው። የሚነከረው በ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በቀለጠ ፓራፊንና በጥቂት የንብ ሰም ድብልቅ ነው፤ ጧፍ ሲነከር ያየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል፣ ነገር ግን ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ የፒክአፑ ፕላስቲክ ስለሚጣመም፣ ሰሙንም በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አደገኛ ስለሆነ፣ ለሚያውቅ ሰው ይተዉት።

መልስ 2፦ ከ«ግርፍ»

ካቻቢቴ በጻፉት ላይ የምቃወመው የለኝም፤ ነገር ግን ኤ ላይ የሚብሰው፣ ኢ ፍላት ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው የሚለውን ዘለሉት፤ ለእኔ ደግሞ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ጆሮዎ አልተሳሳተም። ትዝታን ከኤ ሲነሡ ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ እና ኤፍ ሻርፕ ናቸው። የጊታሩን ባዶ ክሮች ከወፍራሟ ጀምረው ይቁጠሩ፦ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ከስድስቱ አራቱ ትዝታው ውስጥ አሉ። ከኢ ፍላት ሲነሡ ግን ድምፆቹ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላትና ሲ ስለሚሆኑ ከባዶዎቹ ክሮች የምትገኘው ጂ ብቻ ናት።

አንድ ክር ሳይመታ የሚነሣው የራሱ ድምፅ ወይም የዚያ ድምፅ እጥፍ አጠገቡ ሲሰማ ነው። ወፍራሟ ኢ በሰከንድ 82.4 ጊዜ ትነዝራለች፤ ሦስት እጥፉ 247 ገደማ ይመጣል፤ ባዶዋ ቢ ደግሞ 246.9 ናት። ስለዚህ ቢን መትተው ወዲያው በጣትዎ ቢይዟት፣ ማንም ያልነካት ወፍራሟ ኢ ያችኑ ቢ በቀጭኑ ስታዜም ይሰሟታል። አሁን ወፍራሟን ይንኳት፤ ጸጥ ይላል። ይህን የትኛውም ስፖንጅ አያስቆመውም።

እኔ ጊታር የጀመርኩት ከክራር በኋላ ነው። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ የሚሰማውን የሚመርጠው ግራ እጅ ነው፣ ጣቶቹ የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ዝም ያሰኛሉና። ጊታር የሚማር ሰው ግን የግራ ጣቱን የሚያስበው ድምፅ ለማውጣት ብቻ ስለሆነ፣ ዝም የማሰኘቱን ሥራ በሙሉ ለቀኝ መዳፉ ይጥለዋል። መዳፍ ደግሞ ከሚመታው ክር በላይ ያሉትን ወፍራሞች እንጂ ከሥር ያሉትን ቀጫጭኖች አይደርስባቸውም። በሦስተኛዋ ክር ላይ ሲጫወቱ የሌባ ጣትዎ ጫፍ አራተኛዋን በስሱ ይንካ፤ የዚያው ጣት ሆድ ደግሞ ሳይጫን ሁለተኛዋና አንደኛዋ ላይ ተኝቶ ይዋል። ልምምዱን ዲስቶርሽኑን ከፍተው፣ በዝግታ ያድርጉት፤ ስሕተቱን ያለ ርኅራኄ ይነግርዎታል።

ለቀረጻ ብቻ ከሆነ የእህትዎን የፀጉር ላስቲክ ይዋሱ። ባዶ ክር የማይመቱበት ዘፈን ከሆነ አንደኛው ፍሬት ላይ ያጥልቁት፤ ባዶ ክር የሚመቱ ከሆነ ግን ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ጥርብ) አሳልፈው ወደ መቃኛዎቹ ያስጠጉት፣ በዚያ በኩል የሚተርፉት የክር ቁራጮችም የራሳቸው ጩኸት አላቸውና።

መልስ 3፦ ከ«ጃዝማስተር ወዳጅ»

በስፖንጁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ዋጋ ከፍዬበታለሁና። እኔ የሞላዎቹን ጎድጓዳ በስፖንጅ ጠቅጥቄ ሞልቼው ክዳኑን በጉልበት ዘጋሁት። ድምፁ ጠፋ፤ ክንዱን ተጭኜ ስለቀው ግን ብሪጁ ወደ ቦታው መመለስ አቃተው፣ በእያንዳንዱ ዘፈን መካከል መቃኘት ሆነ ሥራዬ።

ዛሬ የምጫወተው እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን የጃዝማስተር ንድፍ የተከተለ ጊታር ነው። በዚህ ላይ በብሪጁና በክር ማሰሪያው መካከል ረዥም የክር ቁራጭ ስለሚተርፍ ከሞላ የባሰ ይጮኻል፤ አንድ ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ በክሮቹ መካከል ከላይ ከታች አሾልኬ ገላገልኩት። ስፖንጅ ማስገባት የሚያሳፍር ብልሃት የሚመስለው ካለም፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ጃጓር የተባለው ጊታር ክሮቹን ብሪጁ አጠገብ ከሥር የሚያፍን ስፖንጅ የተለጠፈበት ብረት ከፋብሪካው ይዞ መጥቷል።

ደግሞም ዝዝታ ሁሉ በሽታ አይደለም። የበገና ደርዳሪ በክሩና በብርኩማው (ክሩ በሚያርፍበት ድጋፍ) መካከል እንዚራ (ትንሽ የቆዳ ቁራጭ) የሚያስገባው ያ ጥልቅ ንዝረት እንዲመጣለት ብሎ ነው፤ እንዚራውን ቢያወጡበት ይጣላችኋል። ጠያቂያችን የሚፈልጉት የተቆረጠ ሐረግ ስለሆነ ያጥፉት፤ ለሌላ ዘፈን ግን ስፖንጁን አውጥተው አንድ ጊዜ ያድምጡት።

የጠያቂው መልስ፦ ከ«ቤት ቀረጻ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክዳኑን ከፍቼ መካከለኛውን ሞላ በጥፍሬ ስጭረው ለአንድ ወር ያበሳጨኝ ድምፅ ራሱ ወጣ። ስፖንጁን መጀመሪያ ወፍራም አድርጌ ቆረጥኩትና ብሪጁ ሲከብድብኝ ግማሹን ቀነስኩለት፤ አሁን ክንዱም ይመለሳል፣ ትርፉም ድምፅ የለም።

ዝዝታው ግን አስገረመኝ። ሲን በአራተኛዋ ክር አሥረኛው ፍሬት ላይ ስሞክረው እዚያም ዝዝ አለ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ያንኑ አንድ ድምፅ ደጋግሞ እንዲመታልኝ አድርጌ፣ እኔ ከብሪጁ ጀምሬ እያንዳንዱን ብሎን በሁለት ጣቴ እየያዝኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ኮርቻዎቹ ደኅና ናቸው፣ ክንዱም ደኅና ነው፣ የፒክአፑም ብሎኖች ደኅና ናቸው። ወንድሜ ሰልችቶት ሊያቆም ሲል የአምስተኛዋ ክር መቃኛ ላይ ደረስኩ፤ ክሩ የሚጠመጠምበትን ምሰሶ የከበበችውን ሮንዴላ ስጫናት ዝዝታው ቀጥ አለ፣ ጣቴን ሳነሣ ተመለሰ። ከላይዋ የሚያስራት ነት ስለላላ ሮንዴላዋ በጣት ትዞራለች። ክሮቹ ተቀይረው ሲመጡ ድምፁ የጨመረው ለምን እንደሆነ አሁን እገምታለሁ። በ10 ቁጥር ቁልፍ አጠበቅኳት።

የቀረው እጄ ነው። የፀጉር ላስቲኩ ለቀረጻው ሠርቶልኛል፤ ያለ እሱ ግን ከቢ ወደ ኤ ስወርድ ወፍራሟ ኢ አሁንም ታመልጠኛለች።

መልስ 4፦ ከ«ካቻቢቴ»

እኔ ኮርቻውን ነበር የጠረጠርኩት፤ ተሳስቻለሁ። ያቺ ነት የምትታሰርበት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ በጣት ጠብቃ ካበቃች በኋላ በቁልፉ ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃታል፤ ከዚያ በላይ ከሄዱ ጥርሱ ይበላል፣ መቃኛው በሙሉ መቀየር ይኖርበታል። የቀሩትንም አምስቱን አብረው ይሞክሯቸው፤ አንዷ ከላላች ሌሎቹም ይጠረጠራሉ።

መልስ 5፦ ከ«ግርፍ»

ከቢ ወደ ኤ ሲወርዱ መዳፍዎ ከእጅዎ ጋር አብሮ እየተነሣ ይሆናል። የመዳፍዎን ጠርዝ ብሪጁ ላይ እንዳለ ትተው አንጓዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ ካልሆነ የግራ አውራ ጣትዎን ከአንገቱ በላይ አሳልፈው ወፍራሟን ኢ በጫፉ ይንኳት። ቀጭን አንገት ላይ ሁለተኛው ይቀላል።