ለጎንደር ሠዓሊ ሥራን በኢንተርኔት ለማሳየት የትኛው መንገድ ይሻላል?

የብራና ሠዓሊ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር አራዳ አካባቢ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥሉ ከነበሩት አባቴ ሲሆን፣ እኔ በፍየል ብራናና በሸራ ላይ የጥምቀትን በዓል፣ የፋሲል ግንብን፣ የገበያና የሠርግ ትዕይንቶችን እሥላለሁ። ለብዙ ዓመታት ሥራዬን የምሸጠው በግንቡ ዙሪያ ባሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች በኩል ነበር። ጎብኚው ከቀነሰ ወዲህ ግን ባለ ሱቆቹ አዲስ ሥዕል መረከብ ስላቆሙ፣ 40 የሚሆኑ ሥዕሎች ቤቴ ተቀምጠዋል።

በፌስቡክ የግል ገጽ አለኝ፤ ሥዕሎቼ ግን ከቤተሰብ ፎቶ ጋር ተቀላቅለው ስለሚወጡ ማንም አያገኛቸውም። ከዚህም በላይ፣ በዚያው ገጽ ያወጣሁትን አንድ የጥምቀት ሥዕል አንድ ማተሚያ ቤት ሳያስፈቅደኝ ካናቴራ ላይ አትሞ ሲሸጥ በዓይኔ ካየሁ በኋላ አዲስ ሥራ ለማውጣት እጄ ይከብደኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ከየት ልጀምር? ሦስት ሥዕሎችን አያይዣለሁ።

ፎቶ አንሺ ከፒያሳ፦

የት ይታይ ከሚለው በፊት ስለ ፎቶዎቹ ልናገር፤ ያያያዟቸውን ሦስቱንም ደጋግሜ ተመልክቻለሁና። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ታቦቱን ያከበሩት ካህን ዣንጥላ በወርቃማ ቀለም የተሠራ ይመስለኛል፤ ይመስለኛል የምለው የፍላሹ ነጭ ብርሃን ልክ እዚያው ላይ አርፎ ስለሸፈነው ነው። በሁለተኛው ደግሞ ስልኩ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ስለነበር ግንቡ ከታች ሰፍቶ ከላይ ጠቧል። የብዙ ሳምንት ድካም እንዲህ ሆኖ ሲታይ በእውነት ያሳዝናል።

ሥዕሉን ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው በረንዳ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ስልኩን በሥዕሉ መካከል ቁመት ትክክል ይያዙ፤ ፍላሽ አይጠቀሙ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሙሉውን ምስል፣ የአንድን ፊት ወይም እጅ ቅርብ ምስል፣ የብራናውን ጠርዝና ልኩን የሚያሳይ ከወንበር አጠገብ የተነሣ ፎቶ ቢኖርዎት፣ ገዢው በእጁ የያዘው ያህል ይሰማዋል። ዋናውን ፎቶ ሳይቀንሱ ያስቀምጡ፤ ለማሳያ የሚያወጡት ግን ወርዱ 1080 ፒክስል ቢሆን ይበቃል። በኤ3 ወረቀት ጥርት አድርጎ ለማተም ወደ 3500 በ4960 ፒክስል ስለሚያስፈልግ፣ ትንሹን ምስል የወሰደ ሰው ጥሩ ኅትመት አያወጣበትም። በቴሌግራም ለገዢ ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ሠዓሊና መምህር፣ ማራኪ፦

እኔም ሠዓሊ ነኝ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሞክሬአለሁ። ለአገር ውስጥ ገዢ ከቴሌግራም ቻናል የሚሻል አላየሁም። የለጠፉት ሁሉ በቅደም ተከተል ለተከታዩ ይደርሳል፤ ገዢው ወዲያው በውስጥ መስመር ይጽፋል፤ ክፍያውም በቴሌብር ወይም በባንክ ያልቃል። ድክመቱ የማያውቅዎት ሰው በአጋጣሚ የማያገኝዎት መሆኑ ነው። ኢንስታግራም በዚህ ይበልጣል፤ የውጭ አገር ሰብሳቢዎችና የጋለሪ ሰዎች ሠዓሊ የሚፈልጉት በብዛት እዚያ ነው። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ የሚጻፍ ሊንክ ተነክቶ ስለማይከፈት፣ አድራሻዎን ከስምዎ ሥር ባለው መግለጫ ላይ ያስቀምጡ። ቢሃንስ የተባለው የሥራ ማሳያ ድረ ገጽ ለግራፊክ ዲዛይን ሠሪዎች እንጂ ለብራና ሥዕል የሚመች አይደለም። ሳቺ አርትን የመሳሰሉ የመሸጫ ገጾች የሚመጣውን ጎብኚ ያበዛሉ፤ ሆኖም ከሽያጩ ከሲሶ በላይ ይወስዳሉ፤ ገንዘቡን የሚከፍሉበት መንገድ ደግሞ ለኢትዮጵያ አካውንት ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ስለዚህ ሥዕል ከመጫንዎ በፊት ክፍያ የሚቀበሉባቸውን አገሮች ዝርዝር ያንብቡ።

እኔ አጥብቄ የምመክረው ግን፣ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይዘው የራስዎን ድረ ገጽ ቢከፍቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ቻናሌም ኢንስታግራሜም ዝም አሉ፤ ድረ ገጼ ግን ሥዕሎቼን፣ ልካቸውንና አድራሻዬን እንደያዘ ክፍት ነበር፤ የይለፍ ቃሉ አዲስ አበባ ባለችው እኅቴ እጅ ስለነበረም የመጡትን ደብዳቤዎች እርሷ ትመልስልኝ ነበር። የዶሜን ስም፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ያስወጣል፤ በውጭ ካርድ ስለሚከፈል ዘመድ ሊያግዝዎት ይችላል፤ ምዝገባው ግን በእርስዎ ስምና ኢሜይል ይሁን። አንድ ወዳጄ ድረ ገጹን በሠራለት ሰው ኢሜይል አስመዝግቦ ሰውየው ሲጠፋ የዶሜን ስሙንም አጥቷል።

መግለጫውን አይዝለሉት። በአገራችን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን በጎን እንደሚሣሉ ለውጭ ሰው ካልተነገረው አያውቅም። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተውን፣ ፊትንና ልብስን በቀለም ጥላ የሚያሳየውን ሁለተኛውን የጎንደር ስልት ከአባትዎ ከወረሱ ያንን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ዋጋን ግን በይፋ ባይጽፉ እመርጣለሁ፤ በውስጥ መስመር ቢባል ከገዢው ጋር መነጋገሪያ ይሆናል።

ከጎንደር የወጣሁ፣ ውጭ አገር የምኖር፦

በዋጋው ጉዳይ ከመምህሩ ጋር አልስማማም። ለሳሎኔ የጎንደር ሥዕል ስፈልግ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ባየሁ ቁጥር አልፌው እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም ውጭ እንደምኖር ሲታወቅ ዋጋው የሚለወጥ ይመስለኛል። በመጨረሻ የገዛሁት ዋጋውን፣ ልኩንና የመላኪያውን ወጪ ለይቶ ከጻፈ ወጣት ነው። ገንዘቡንም በባንክ ሐዋላ ላክሁለት፤ አላስቸገረንም።

የሕግ ባለሙያ፦

ስለ ካናቴራው፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕል ጥበቃ የሚያገኘው እንደተሠራ ነው፤ መመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሥዕሉን የገዛ ሰው እንኳ ብራናውን እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም። ስለዚህ ንድፍዎን፣ በሥራ ላይ እያለ ያነሡትን ፎቶና መጀመሪያ የለጠፉበትን ቀን ይጠብቁ፤ የእርስዎ ስለመሆኑ ማስረጃ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። ማተሚያ ቤቱን በመጀመሪያ በጽሑፍ ያስጠንቅቁት፤ ካናቴራው ካለዎትም አይጣሉት።

ሌላው ሳይነሣ የቀረው የቅርስ ጉዳይ ነው። አዲስ የብራና ሥዕል ጥንታዊ ስለሚመስል፣ ከአገር ሲወጣ ቅርስ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን ካልተያዘለት ሊያዝ ይችላል። ከጀርባው ስምዎንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉ፤ ያረጀ እንዲመስል በጭስ ማጠየም ግን ፈጽሞ አይሞከር።

የብራና ሠዓሊ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት በረንዳ ላይ ሰቅዬ እንደገና አነሣኋቸው፤ የዣንጥላው ወርቅ አሁን ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ እንኳ ይቆጠራል። በ6 ሥዕሎች ቻናል ከፍቻለሁ፤ ዋጋቸውንም ጽፌአለሁ፤ መምህሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድረ ገጹን የእኅቴ ልጅ ሊሠራልኝ ተስማምቷል፤ ምዝገባው በስሜ እንደሚሆን ነግሬዋለሁ። አሁን አንድ የጥምቀት ሥዕል በብራና፣ አንድ የሠርግ ሥዕል በሸራ ወደ ውጭ እንድልክ ተጠይቄአለሁ፤ ሁለቱንም በካርቶን ቱቦ ልጠቅልላቸው?

ሠዓሊና መምህር፣ ማራኪ፦

እንኳን ደስ አለዎት፤ ዋጋውን መጻፍዎ ከሠራልዎ እኔም እከተልዎታለሁ። ሸራው በወፍራም ቱቦ ይጠቅለል፤ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨማድዶ ይሰነጠቃል። ብራናውን ግን አይጠቅልሉት፤ በንጹሕ ወረቀት ሸፍነው በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ዘርግተው ያሽጉት፤ እርጥበት እንዳያገኘውም ከላይ በፕላስቲክ ይሸፍኑት። በኢ.ኤም.ኤስ. (በፖስታ ቤት ፈጣን መላኪያ) ሲልኩ ያንን የቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ከላይ፣ ሳይከፈት በሚታይበት ቦታ ያያይዙት።