«ውርር አደረገኝ» እና «ሰቀጠጠኝ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ዘፈን ወይም ግጥም ሰምቶ «ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» የሚል ሰው ምን ተሰማው ማለት ነው? ልጄ ጠየቀችኝ። «ፈራ» ልላት ነበር፤ ግን አላመንኩበትም። ከ«ሰቀጠጠኝ»ስ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አለማመንዎ ልክ ነው። ግሱ «ወረረ» ነው። ጉንዳን ሲወርረን እንደምንለው፣ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ቆዳ ላይ የሚዛመት ነገር አለበት። ውርር ሲያደርገን የሰውነታችን ፀጉር የሚቆመው ከሥሩ ያለችው ትንሽ ጡንቻ ስትኮማተር ነው። ጡንቻዋን እኛ አናዛትም። ብርድም ፍርሃትም ያስነሳታል። በጨለማ ብቻውን ያለፈ ሰውም «ውርር አደረገኝ» ይላል።

የዘፈኑ ውርርታ ግን ደስታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሰዎች ውርር የሚያደርጋቸውን ሙዚቃ ራሳቸው መርጠው እንዲያመጡ አደረጉ። ሲያዳምጡ አንጎላቸው ዶፓሚን የሚባለውን፣ ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል ሲለቅ ታየ። እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ስሜቱ ጣራ ሲነካ ብቻ አይደለም የሚለቀቀው። «አሁን ሊመጣ ነው» ብለን ስንጠብቅም፣ በሌላ የአንጎል ክፍል ይለቀቃል።

ግጥምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የፍራንክፈርት ተመራማሪዎች ጥናት፣ ግጥም የሚሰሙ ሰዎችን ቆዳ በካሜራ ተከታትሏል። ውርር የሚላቸው በብዛት የስንኙ ወይም የግጥሙ መጨረሻ ላይ ነበር። ግጥም ሲነበብ ለሰማ ሰው ይሄ አይደንቀውም። ጆሮ ቤት መምቻውን እየጠበቀ ነው የሚሰማው! ጎበዝ ገጣሚ ድምፁን በተጠበቀበት ቦታ ያደርሰዋል፤ ሐሳቡን ግን ባልተጠበቀ በኩል ያመጣዋል።

«ሰቀጠጠኝ» ሌላ ነው። ቢላ ጠርሙስ ላይ ሲፋቅ፣ ጥፍር ሰሌዳ ሲቧጥጥ፣ ሰውነት «ይብቃኝ» የሚልበት ነው። እዚያ ላይ አሚግዳላ የሚባለው፣ ለአደጋ የሚያነቃን የአንጎል ክፍል በኃይል ይሠራል። ክፉ ወሬንም «የሚሰቀጥጥ» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል። የወደዱትን ዘፈን «ሰቀጠጠኝ» አይሉም።

ሌላ አባል፦ «ሆዴ ባባ»ስ? እኔ ዋሽንት ስሰማ ሆዴ ይባባል እንጂ ውርር አያደርገኝም።

መልስ፦ ጥሩ አነሱት። ሆድ መባባት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ይቆያል፤ ናፍቆትም ኀዘንም አለው። ውርርታ ግን መጣ፣ ሄደ ነው። «ሆዴ ሲባባ ዋለ» እንላለን። «ውርር ሲያደርገኝ ዋለ» የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።